መኪናዋ ዛሬ አትወጣም

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17 ቀን
ከሐይቁ ዳር፣ ከእንግዳ ማረፊያው ሁለተኛ ፎቅ

ለትንሿ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽስ? ትልቁ ልጅሽ የሚነቃነቀው ጥርሱ ወለቀለት ወይስ አሁንም በምላሱ እየነካካው ነው? ትንሿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽ ትንሽ ወፍሯል፤ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በየቀኑ በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትይ አውቃለሁ። ስልኩን የሚይዘው አባትሽ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛ መሃል ያስቀምጠዋል፤ እኛም እንደ ስብሰባ ዙሪያውን እንቀመጣለን። እዚያ ላይ ምን ቁም ነገር ይወራል? ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን እደርስበታለሁ። አሁን አባትና ልጅ ጀልባ ለማየት ወርደዋል። እኔ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጉልበቴ ዛሬ ምንም አላለኝም። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ደብዳቤውን በፈጣን ፖስታ ልትልክልኝ ቃል ገብታለች፤ በጣቶቿ አራት ቀን ብላ አሳይታኛለች። እኛ ገና አሥራ አንድ ቀን ስለሚቀረን ቀድሞን ይደርሳል።

መጀመሪያ ስለ ትራሱ ልንገርሽ። አባትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ የተቀመጠበትን ትራስ ታውቂዋለሽ፤ እኔ አራት ጊዜ ልብስ የሰፋሁለትን። ሻንጣ ውስጥ ከተተው። “ምን ሊሠራልህ ነው?” ብለው “ልነዳ አይደል እንዴ የምሄደው?” አለኝ። የጉምሩኳ ሴትዮ አወጣችው፤ ጨመቀችው፤ አሸተተችው፤ ከዚያ ጓደኛዋን ጠራች። አባትሽ በኛው ቋንቋ ያስረዳታል።

“ትራስ ነው የኔ እህት። የሚቀመጡበት ትራስ።”

“አባዬ፣ ቋንቋህን አትሰማም እኮ” አለው ወንድምሽ።

“ታዲያ ጮክ ያልኩት ለምን መሰለህ?”

መጨረሻ ላይ ትራሱን ከእጇ ወስዶ መሬት ላይ አነጠፈና ተቀመጠበት። እጆቹን ዘርግቶ መሪ እንደያዘ ሰው ግራና ቀኝ አዞረ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሴትዮዋም ሳቀችና አሳለፈችን።

ወንድምሽ መኪናውን ሲከራይ አባትሽን ሁለተኛ ሾፌር አድርጎ ውሉ ላይ አስመዘገበው። የዚህ ጉዞ ቃል ኪዳኑ ይኸው ነበር። ጡረታ የወጣ ዕለት “አባዬ፣ ውጭ አገር ወስጄህ ከተራራው እስከ ሐይቁ ያለውን መንገድ አንተ ትነዳዋለህ” ሲለው አንቺም ነበርሽ፤ አጨብጭበሻል። ስድስት ቀን ወንድምሽ ይነዳል፤ ሰባተኛው ቀን የአባትሽ ነው። እንዲህ ነበር ስምምነቱ።

ስድስቱን ቀን አባትሽ ከፊት ወንበር ተቀምጦ እግሩ ሥራ አልፈታም። ወንድምሽ ፍሬን ሲይዝ እሱም ምንጣፉን ይረግጣል። ኩርባ ሲመጣ ትከሻው ቀድሞ ይታጠፋል።

“ማርሽ ቀይር” ይለዋል።

“ራሷ ነው የምትቀይረው አባዬ።”

“ታዲያ አንተ እዚያ ምን ትሠራለህ?”

የመንገድ ሰሌዳ ሲመጣ ከወንድምሽ ቀድሞ ያነባል። ፊደሉን ባያውቀውም ቁጥሩን ከሩቅ ይጠራል፤ “ሰማንያ ነው የሚለው፣ ቀንስ።” ወንድምሽ ይገረማል። “እማዬ፣ የዚህ ሰውዬ ዓይን እኮ የንስር ነው” ይለኛል። እኔ ከኋላ ወንበር ሻንጣዬን ታቅፌ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

እዚህ አገር ላይ አባትሽ ብዙ ጉድለት አግኝቷል። በሮቹ ጠባብ ናቸው፤ ትከሻውን ይገጩታል። ጠረጴዛዎቹ ትናንሽ ናቸው፤ ቁርስ በተቀመጥን ቁጥር ከጎኑ ያለው ብርጭቆ ይገለበጣል። ምሰሶ አይቆምበትም በሚባል ቦታ ምሰሶ ያቆማሉ። ወንድምሽ ይስቃል። “ባዕድ አገር ሲገቡ እንዲህ ነው” ይለዋል። የዝንብ ጠንጋራ የሚለይ ልጅ፣ የአባቱን ነገር ግን አላየም።

አሁን እደርስበታለሁ ወዳልኩሽ ነገር ልግባ፤ ከጀልባው ሳይመለሱ።

የአባትሽ ዓይን ታሟል። ከመምጣታችን ከስድስት ሳምንት በፊት፣ አንቺን “ለመነጽር ነው” ብለን የሄድንበት ቀን፣ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ክብ ሥሎ አሳየን። ፊት ለፊት ያለውን አጥርቶ ያያል። የግራና የቀኙ ግን ጠፍቷል፤ በቱቦ አሾልኮ እንደሚያይ ሰው ማለት ነው። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታው እንይዘዋለን አለ። ከዚያ “አባት፣ መኪና ይነዳሉ?” ብሎ ጠየቀው።

“አልፎ አልፎ።”

“ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብዎት።”

አባትሽ አመስግኖ ወጣ። ደረጃው ላይ ያዘኝና አስማለኝ፤ ጉዞው እስኪያልቅ ለልጆቹ በአፍሽ እንዳትተነፍሺ ብሎ። ማልኩለት። እንግዲህ በአፌ አልተነፍስም ብዬ ነው እንጂ በእጄ አልጽፍም ብዬ አልማልኩም። እሱም ይህን አላሰበበትም፤ ሾፌር እንጂ ጠበቃ አይደለም።

የሚከብደኝን ልጻፍልሽ። ልጆችሽን ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እሱ ነው። ሐኪሙ ጋ ከሄድን በኋላ ትምህርት እስኪዘጋ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። አሥራ አንዱንም ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ሄድኩ። “እማዬ፣ በስተርጅና ተማሪ ሆንሽ እንዴ?” ብለሽ ሳቅሽብኝ። ልብስ ስፌቱን ትቼ የምወጣበትን ምክንያት ሳጣ “ነፋስ ልቀበል ነው” አልኩሽ። መንገድ ላይ እየጠራሁ ነበር የምነግረው። ከግራ ብስክሌት። ከቀኝ ሴትዮ፣ ጃንጥላ ይዛለች። ከግራ ጋሪ። ትልቁ ልጅሽ “አያቴ አያቴን ትነዘንዘዋለች” ብሎ የነገረሽ ያንን ነው። ንዝንዝ አልነበረም። የአባትሽ ግራና ቀኝ እኔ ነበርኩ።

ምንም አልደረሰም። ግን ሊደርስ ይችል ነበር፤ እኔ ይህን እያወቅኩ ልጆችሽን ከኋላ አስቀምጬ ሄጃለሁ። የባሌን ፊት ሲጠቁር ላለማየት ብዬ። ልብስ ስሰፋ ትዝ ሲለኝ መርፌው ከእጄ ይወድቃል። አሁን ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። ስትችይ ትይኛለሽ።

ስድስተኛው ቀን ላይ ተራራው አናት ካለች ትንሽ ከተማ ደረስን። ነገ የእሱ ተራ ነው። ቁልቁል ሁለት ሰዓት የሚፈጅ መንገድ ነው፤ በአንድ ወገን ግድግዳ የመሰለ ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ገደል፤ ኩርባው ላይ ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ይወጣሉ። እዚህ እየጠራሁ የምዘልቀው መንገድ አይደለም። መሐላዬን አፍርሼ ለወንድምሽ ልነግረው ቆረጥኩ። በማግስቱ ጠዋት፣ አባትሽ ፊቱን ሲታጠብ እነግረዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አባትሽ ከዚያ በኋላ ያናግረኝ አያናግረኝ እንደሆነ ደግሞ አላውቅም።

መኪናው ዳቦ ቤት ፊት ለፊት፣ ባለአንድ አቅጣጫ መንገድ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቆመ። እዚህ አገር መሪው በኛ ተቃራኒ በቀኝ ስለሆነ የአባትሽ በር የሚከፈተው በመንገዱ በኩል ነው። አባትሽ በሩን ከፈተ። ከኋላ በግራ በኩል አንዲት ሴት በብስክሌት ትመጣ ነበር፤ ከመሪዋ ላይ ዘንቢል አንጠልጥላለች። በሩን ለማምለጥ መሪዋን አጠፈችና አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ዘንቢሉ ሙሉ ሽንኩርት ነበር፤ መንገዱን ሞላው።

ሴትዮዋ ተነሳች። ጉልበቷ ተልጧል እንጂ ሌላ አልሆነችም። በቋንቋዋ ብዙ ተናገረች፤ ወንድምሽ በምልክት ለመናት። አባትሽ ግን በርከክ ብሎ ሽንኩርት ይለቅም ጀመር። ከፊት ለፊቱ ያለውን አንድ በአንድ ለቀመ። ከጫማው ጎን፣ ከእግሩ ሥር ያሉትን ሁለቱን ግን አላያቸውም። አንዱን ሲነሳ ረገጠው። ሴትዮዋ ይህን አየች። ከዚያ ቁጣዋን ተወችው፤ ራሷ ጎንበስ ብላ የቀሩትን ለቀመች፤ ክንዱንም መታ መታ አድርጋው ሄደች። ክንዱን መታ ባታደርገው ይሻል ነበር።

“ከየት መጣች?” አለኝ አባትሽ። እራት ላይ ደግሞ ጠየቀኝ። ጫማውን ሲቦርሽም ጠየቀኝ። “ከግራ” እላለሁ፤ ያንኑ መልሶ ይጠይቃል።

ጠዋት ከኔ ቀድሞ ተነስቶ አገኘሁት። ተላጭቷል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ትራሱን ብብቱ ሥር ይዟል። ወንድምሽን ለብቻው የማገኝበት ፋታ አልሰጠኝም። ተያይዘን ወረድን። ወንድምሽ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበለት፤ እንደ ሽልማት።

“በል ሚዛን፣ ያንተ ቀን ነው” አለው። ሚዛን የአውቶቡስ ጣቢያ ቅጽል ስሙ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ እሱ ሲነዳ ተሳፋሪ የያዘው ውሃ አይፈስም ይሉ ነበር።

እኔ አፌን ልከፍት ነበር። “አንድ ጊዜ” ብዬም ጀምሬያለሁ። አባትሽ ግን እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝና ፍተሻውን ጀመረ። የጠዋት ፍተሻውን አይተሽው አታውቂም፤ እኔ ትዳር በያዝን ዓመት አንዴ ጣቢያ ሄጄ አይቼዋለሁ። መኪናዋን በቀኝ በኩል ዞራት። እያንዳንዱን ጎማ በጫማው ተረከዝ መታ፤ ድምፁን አዳመጠ። ኮፈኑን አስከፍቶ ዘይት ለካ፤ መለኪያውን በመሐረቡ ጠረገ። ከሥር በርከክ ብሎ መሬቱ ላይ የፈሰሰ ነገር እንዳለ አየ። ከዚያ ትራሱን አነጠፈና መሪው ላይ ተቀመጠ። መስታወቶቹን አስተካከለ። የግራውን አስተካከለ፤ የቀኙን አስተካከለ፤ ተመልሶ የግራውን። አንገቱን እስከ ትከሻው ድረስ ያዞራል፤ ያያል፤ ይመልሳል። ወንድምሽ በስልኩ ፎቶ እያነሳው ነው። እኔ ከኋላው በር ጋ ቆሜያለሁ።

ፍሬኑን ረገጠው። ለቀቀው። ረገጠው። ሞተሩን አላስነሳም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ ወረደ።

“መኪናዋ ዛሬ አትወጣም” አለ።

ወንድምሽ የሚቀልድ መሰለው። “ምን ሆና?”

“ፍሬን።”

ሌላ ቃል አልጨመረም። የሾፌሮች ወግ እንዲህ ነው። ጠዋት ፍተሻ ላይ ሾፌር አትወጣም ካለ የስምሪት ሹሙም ሥራ አስኪያጁም አያዙትም፤ አያከራክሩትም፤ አንድ ቃል ብቻ ይሰጣል፤ ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ። አባትሽ በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ያደረገው ሦስት ጊዜ ነው። አንደኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሻንጣቸውን ጭነው ተቀምጠው ነበር፤ አስወረዳቸው። ይህ አራተኛው ነው።

ወንድምሽ ቁልፉን ተቀበለ። ስድስት ቀን ሙሉ በዚያ ፍሬን ነድቷል። አባቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ወንድምሽ የዳቦ ቤቱን ደጃፍ ዞሮ ተመለከተ፤ የተረገጠው ሽንኩርት እዚያው ነበር። ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም።

“እሺ አባዬ” አለ። “ጋራዥ ወስጄ ላሳያት።”

እኔና አባትሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ትራሱ መኪናው ውስጥ ስለቀረ ወንበሩ ቆረቆረው።

“ፍሬኑ ጠልቆ ነው የሚገባው” አለኝ።

“አዎ።”

“አንቺ ስለ ፍሬን ምን ታውቂያለሽ?”

“አርባ ሁለት ዓመት ከሾፌር ጋር ኖሬያለሁ።”

ካንዱ ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ሰዎች ሸክላ ይቀባበላሉ፤ እነሱን አየን።

“ሰው ጭኜ ሰው ነክቼ አላውቅም” አለ።

“አትነካም።”

“አንድም ቀን።”

“አውቃለሁ። ስንት ጊዜ ትነግረኛለህ?”

ወንድምሽ በሩብ ሰዓት ተመለሰ። ከመኪናው ወርዶ እጁን በመሐረብ ጠረገ፤ እጁ ንጹሕ ነበር።

“ልክ ነበርክ አባዬ። የፍሬኑ ሸራ አልቋል፤ ቀየሩት።”

“በሩብ ሰዓት?”

“መሣሪያ አላቸው።”

መካኒኩ ባልሽ እንኳ የፍሬን ሸራ ለመቀየር ግማሽ ቀን እንደሚፈጅበት አባትሽ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ወንድምሽም ያውቃል።

“እንግዲህ” አለ ወንድምሽ፣ ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ፣ “አዲስ ሸራ እስኪላመድ አንድ ሰው ብቻ ቢነዳት ይሻላል ብለውኛል።”

አባትሽ አሰበበት። “እውነታቸውን ነው” አለ። “አዲስ ሸራ የሚለምደው አንድ እግር ነው። እስክንመለስ አንተው ንዳት።”

ትራሱን ከሾፌሩ ወንበር ላይ አነሳ። ወደ ፊት ወንበር ይሄዳል ስል የኋላውን በር ይዞ ቆመ። ሳይከፍተው ወደኔ ዞረ።

“ከግራ?”

“ማንም የለም።”

ከፍቶ ገባ። ወንድምሽ “አባዬ፣ ከፊት ና እንጂ፣ ብቻዬን ልትተወኝ ነው?” ሲለው “ከፊት ሥራ ይበዛል” አለው። ሻንጣዬን ወደ ፊት ወረወረና ትራሱን በኔ በኩል አነጠፈው። “ተቀመጪበት፤ ቁልቁለቱ ያንገጫግጫል።” መንገዱ እንደ መስታወት ነው፤ አንድ ጉድጓድ አላየሁበትም። ግን ተቀመጥኩበት። አርባ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ሁለታችንም ጎን ለጎን ተሳፋሪ ሆነን አናውቅም ነበር። ትራሱ ለካ መሃሉ ጎድጓዳ ነው፤ የሱን ልክ ይዟል። ጥጥ እጨምርበታለሁ።

ቁልቁል ስንወርድ አፌ ልማዱን አልተወም። “ከቀኝ ፏፏቴ” አልኩት። አንገቱን እስከ ትከሻው አዙሮ አየ። “ከግራ ፍየሎች፣ ድንጋዩ ላይ።” አየ። “ከግራ ሐይቁ መጣ።” መስኮቱን አውርዶ ብዙ ጊዜ አየው። ወንድምሽ በመስታወት አየን። እስከ ታች አንድ ጊዜ ብቻ ነው አባትሽ ምንጣፉን የረገጠው።

አሁን የምታደርጊውን ስሚኝ። ግቢያችን ውስጥ ያለችው መኪና ክረምቱን እንደቆመች ናት፤ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ልጆቹን ልውሰድ ይላል። ያን ጠዋት የተወው የተራራውን መንገድ ነው፤ የሰፈሩን ገና አልተወም። ባልሽ ሳንመጣ ከመኪናዋ አንድ ነገር ይፍታባት። ትንሽ ነገር እንዳይሆን፤ አባትሽ ትንሹን በራሱ ይጠግነዋል። ደግሞ ጉድለቱን እናንተ እንዳትነግሩት። ፍተሻውን ያድርግ፤ ራሱ ያግኘው፤ አትወጣም ብሎ ራሱ ይፍረድባት። ከዚያ በኋላ ልጆቹን በእግር እናደርሳቸዋለን፤ ሃያ ደቂቃ ነው። እኔ በአንድ ጎኑ፣ ትልቁ ልጅሽ በሌላው ጎኑ። ትልቁ መጥራት ይማር፤ ድምፁ ከኔ ይሻላል።

ወንድምሽን ስለዚህ ጉዳይ አላናገርኩትም፤ እሱም አላናገረኝም። ትላንት ግን ቁርስ ላይ ብርጭቆውን ከአባቱ ጎን አንስቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጠለት። አባትሽም “አሁን ገና ጠረጴዛ ማሰናዳት ገባቸው” አለ።

የእግዚአብሔር ቸርነት አይለያችሁ። ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ፤ የሄዱበት ሁሉ መንገዱ ይቅናላቸው። ለባልሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ሸራ በሩብ ሰዓት የሚቀይሩበት አገር አለ ብለሽ አብሽቂው።

ደረጃው ላይ መጥተዋል። አባትሽ የዚህ አገር ደረጃ እኩል አይደለም እያለ ነው።

የምትወድሽ
እናትሽ

ይድረስሽና ስትደውዪ ስለ ዓይኑ እንዳትጠይቂው። ስለ ፍሬኑ ጠይቂው፤ ደስ ብሎት ይነግርሻል።